ኢታ አኲሌን ከጎንደር መለካት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 6

ሥራው ይሄ ነው። በንስር ኅብረ ኮከብ ውስጥ ኢታ አኲሌ የምትባል ኮከብ አለች። በሰባት ቀን ከምናምን አንዴ ትደምቃለች፣ ቀስ እያለች ትደበዝዛለች፣ ከዚያ እንደገና ትደምቃለች። ይህን መውጣትና መውረድ በተራ ካሜራ እለካለሁ። ከለካሁ በኋላ ኮከቧ ከእኛ ስንት የብርሃን ዓመት እንደምትርቅ አሰላለሁ። ቴሌስኮፕ የለኝም። ሰማዩን እየተከተለ የሚዞር ሞተርም የለኝም። ያለኝ ያገለገለ ካኖን ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አንድ እግሩ የላላ ትራይፖድና ላፕቶፕ ነው። ካሜራው የታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሠርግ ነው የሚያነሳው። ሠርጉ የሚግተለተለው ጥር ላይ ስለሆነ አሁን ለጊዜው እጁ ላይ ሥራ የለም። "ጤዛ ካስመታኸው ግን አንተዋወቅም" ብሎ ሰጠኝ። "እሺ ጋሼ" ብዬ ተቀበልኩ።

ለምን ኢታ አኲሌ? የዚህ ዓይነት ኮከቦች ሴፊይድ ነው የሚባሉት፤ ስሙን ያወረሳቸው ዴልታ ሴፊ የሚባለው ኮከብ ነው። እሱን መርጬ ነበር የምጀምረው፤ ነገር ግን ከጎንደር ሲታይ በሰሜን በኩል ነው፣ ከፍ አለ ሲባል እንኳ 44 ዲግሪ ላይ ነው የሚቆመው፣ ከኛ ግቢ ደግሞ ሰሜኑን ተራራው ይዞታል። ኢታ አኲሌ ከምድር ወገብ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ናት ማለት ይቻላል። በዚህ ሰሞን ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ አናታችን ላይ ልትደርስ ትንሽ ነው የሚቀራት። እንዲያውም ቀድማ የታወቀችው እሷ ናት። እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ውስጥ ኤድዋርድ ፒጎት የሚባል ሰው መለዋወጧን ያየው በ1784 ሴፕቴምበር ላይ ነው (የውጪዎቹን ዓመቶች በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጓደኛው ጆን ጉድሪክ ዴልታ ሴፊን ያገኘው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ነው። ጉድሪክ መስማት የተሳነው ወጣት ነበር፣ በ21 ዓመቱ ሞተ። ሁለቱም ካሜራ አልነበራቸውም፤ በዐይናቸው ከጎረቤት ኮከብ ጋር እያወዳደሩ ነው የጻፉት። የኔም ዘዴ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ዛሬ ደመና ነው። ትራይፖዱን በገመድ አሰርኩት፣ ሌንሱን ጠረግሁ፣ በቃ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ሰማዩ ተከፈተ! ዝናቡ ቀን ላይ ጥሎ ስለነበር አየሩ ታጥቧል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እንዲህ ሲጠራ ይጠራል።

አሠራሩን ልጻፍ፣ መሞከር የሚፈልግ ካለ። ካሜራው በሮው (ያልተነካካ ጥሬ ምስል) ፎርማት፣ አይኤስኦ 400፣ አምስት ሰከንድ። ከዚያ በላይ ከቆየ ምድር ስለምትዞር ኮከቦቹ መስመር እየሆኑ ይሄዳሉ። ፎከሱን ሆን ብዬ ትንሽ አበላሻለሁ። ፎቶ አንሺ ይህን ሲሰማ ያመዋል፣ ግን ኮከቧ አንድ ነጥብ ላይ ከተጠቀጠቀች ያ ነጥብ ይሞላና ልኬቱ ዋጋ ያጣል፤ ትንሽ ስትሰፋ ብርሃኗ በብዙ ፒክስል ላይ ይከፋፈላል። ተከታታይ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሲሪል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እደራርባቸዋለሁ፣ ከዚያ አረንጓዴውን ቻናል ብቻ እወስዳለሁ። አረንጓዴው ባለሙያዎች ቪ ከሚሉት ማጣሪያ ጋር ይቀራረባል።

ማወዳደሪያዬ ቤታ አኲሌ ናት፣ ድምቀቷ 3.71። የመረጥኳት ቢጫ ስለሆነች ነው፤ የኢታም ቀለም ወደዚያው ነው፣ ስለዚህ ካሜራው ሁለቱን በአንድ ዐይን ያያቸዋል። መቆጣጠሪያዬ አዮታ አኲሌ ናት፣ 4.36። እሷ ሰማያዊ ትኩስ ኮከብ ስለሆነች ለዋና ማወዳደሪያነት አልመችም አለችኝ። ሦስቱም አንድ ፎቶ ውስጥ ይገባሉ፣ የንስር ደማቋ ኮከብ አልታየርም አብራ አለች።

ለማያውቀው፦ የኮከብ ድምቀት የሚለካው ማግኒቲዩድ በሚባል ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይደምቃል። አምስት ማግኒቲዩድ ማለት መቶ እጥፍ ነው። የዛሬዋ ኢታ፦ 3.6።

መስከረም 11፣ እሑድ

3.9። ጨረቃ የለችም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ኧረ!" ሲል እኔ ብቻ ደስ አለኝ። ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ፣ ያ ነጣ ያለው የከዋክብት ጎዳና) ከግቢያችን በላይ ተዘረጋ። ሌሊት ወጣ ገባ ማለት ስለማይመች ሁሉንም ሥራ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ የከተማዋን መብራት የሚያጠፋልኝ እሱ ራሱ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ "ልጄ፣ ኮከብ ቆጣሪ ሆንክ እንዴ? በል የኔንም እይልኝ" አሉ። "እትዬ፣ እኔ የያዝኳት አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም የአንቱ አይደለችም" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ግን የምር ጠየቁ፦ የቷ ናት? አሳየኋቸው። "ከዚህችኛዋ ጋር እኩል አይደለች?" አሉ ቤታን እያዩ።

ጥያቄው ጥሩ ነው። በዐይን ሲያዩአቸው እውነትም ተቀራራቢ ናቸው። ቤታ አኲሌ ግን 45 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው የምትርቀው፤ ያ በፓራላክስ፣ ማለትም ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቧ ስንት ፈቀቅ እንደምትል በማየት፣ በደንብ ተለክቷል። ኢታ ከእሷ ስንት እጥፍ እንደምትርቅ ዐይን በፍጹም አይነግርም። ቅርብ ያለ ደካማ ፋኖስና ሩቅ ያለ ትልቅ መብራት ጨለማ ውስጥ አንድ ይመስላሉ። ሙሉው ችግር ይሄ ነው፣ የከዋክብትን ርቀት የሚለካ ሁሉ የሚታገለውም ከዚህ ጋር ነው።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

4.3። ዛሬ ካሜራ አያስፈልግም ነበር፣ በዐይን ይታወቃል። ዓርብ ዕለት ከቤታ ትንሽ ትበልጥ ነበር፣ ዛሬ ከአዮታ ጋር እኩል ሆናለች። በአራት ቀን ውስጥ ግማሽ ያህል ብርሃኗን ጣለች።

ምክንያቱ ሄሊየም ነው። በእነዚህ ኮከቦች ገላ ውስጥ፣ ከላይኛው ፊት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሙቀቱ 40,000 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስበት ንብርብር አለ። እዚያ ሄሊየሙ ሁለቱንም ኤሌክትሮኖቹን ያጣል። እንዲህ ሲሆን ብርሃን አላሳልፍ ይላል፣ ሙቀቱ ከስር ይታፈናል፣ ግፊቱ ይጨምርና ኮከቡ ያብጣል። ሲያብጥ ይቀዘቅዛል፣ ሄሊየሙ ኤሌክትሮኑን መልሶ ይይዛል፣ ብርሃን ያልፋል፣ ኮከቡ በራሱ ክብደት ይወድቃል። ከዚያ እንደገና። ትልቅ ኮከብ ለማበጥም ለመውደቅም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ትልቅ ኮከብ ደግሞ ደማቅ ነው። ስለዚህ ዑደቱ የረዘመ ሴፊይድ በእውነተኛ ድምቀቱም ይበልጣል። ርቀት የሚለካው በዚህች አንዲት ግንኙነት ነው።

መስከረም 16፣ ዓርብ፣ ደመራ

ከተማው ሙሉ ጭስ ነው። ከደመራው ስመለስ ልብሴ ሁሉ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር፤ ካሜራውን ለመትከል እያመነታሁ ተከልኩት። ፎቶው ላይ ሰማዩ ግራጫ ሆኗል፣ ደካማዎቹ ኮከቦች ጠፍተዋል። ግን ጭሱ ኢታንም ቤታንም አዮታንም እኩል ነው የሸፈናቸው፣ እኔ ደግሞ የምለካው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ነው። አዮታን ከቤታ ጋር ሳወዳድር እንደ ሌላው ቀን ወጣች። ኢታ 3.6 ሆነች።

ሌላ ነገርም አስተዋልኩ። ባለፈው ዓርብ 3.6፣ ዛሬ ዓርብ 3.6። ዑደቷ ከሰባት ቀን ብዙም ስለማይዘል በየሳምንቱ በአንድ ቀን ላይ አንድ መልክ ነው የምታሳየው። የሥራ ቀን እየተዋጠበት ዓርብ ዓርብ ብቻ የሚያይ ሰው "ይቺ ኮከብ ንቅንቅ አትልም" ብሎ ይምላል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ቀኑን እያቀያየርኩ ነው የማነሳው፣ በተለይ ረቡዕና ኀሙስ ጎድሎኛል።

ሰዓቱን የምመዘግበው በጁልያን ቀን ነው። ይሄ ከመስከረምም ከሴፕቴምበርም ነፃ የሆነ ቀጥታ የቀን ቆጠራ ነው። ቀኑ የሚቀየረው በግሪንዊች እኩለ ቀን ስለሆነ አንድ ሌሊት ለሁለት አይከፈልብኝም። የኛ ማታ 1:30 በዓለም ሰዓት 16:30 ነው። ኤክሴል ውስጥ ይሄን መቀየሪያ አንዴ ጽፌ ተገላገልኩ።

መስከረም 22፣ ኀሙስ

ማክሰኞ 4.3 ነበረች፣ ዛሬ 3.65። በሁለት ቀን ውስጥ! ስትወርድ አምስት ቀን ገደማ እየተጎተተች ነው፣ ስትወጣ ግን ከሁለት ቀን ትንሽ በላይ ይበቃታል። የሴፊይድ ምልክቱ ይሄ ነው፦ ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ ቁልቁለቱ ዘርጠጥ ያለ። ሁለት ኮከቦች እየተጋረዱ የሚለዋወጡ ቢሆን እንዲህ አይነት መልክ አይኖረውም ነበር።

ጤዛው ዛሬ በጣም ነበር። ሌንሱ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጬ እንደ ኮፍያ አጠለቅሁበት። ሠርቷል። ለጋሼ አልነገርኩትም።

መስከረም 27

ሙሉ ጨረቃ። ዛሬ ወረቀት ላይ ነኝ።

የድምቀትና የዑደት ግንኙነቱን ያገኘችው ሄንሪዬታ ሌቪት ናት፣ ሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ የፎቶ መስታወት እያየች ኮከብ የምትለካ ሠራተኛ ነበረች። በ1908 በማጄላን ደመናዎች (ከኛ ጋላክሲ አጠገብ ባሉት ትልቅና ትንሽ የተባሉ ሁለት ጋላክሲዎች) ውስጥ 1,777 ተለዋዋጭ ኮከቦች መዘገበች። በ1912 ከትንሹ ደመና 25ቱን ወስዳ ዑደታቸውን ከድምቀታቸው ጋር አያያዘች። ብልሃቱ የት ላይ እንደሆነ ልብ በሉ። በደመናው ውስጥ ያሉት ኮከቦች ከእኛ ያላቸው ርቀት በግምት አንድ ነው፣ ስለዚህ በፎቶው ላይ ደምቆ የታየው በእውነትም የደመቀ ነው። እትዬ የጠየቁኝን ችግር ሌቪት እንዲህ ነው የዘለለችው። ትልቁ ደመና ከጎንደርም ጥር ላይ በደቡብ አድማስ ላይ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ወደ አዘዞ በኩል ክፍት ቦታ ያገኘ ሰው ይሞክረው።

ሌቪት የሰጠችው ግን ማን ከማን ይበልጣል የሚለውን ነው። የአንዱ እንኳ ትክክለኛ ርቀት ካልታወቀ ሚዛኑ ዜሮው የት እንደሆነ አይታወቅም። ኤድዊን ሃብል የሚባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1923 በአንድሮሜዳ ጋላክሲ ውስጥ አንድ ሴፊይድ አገኘ፣ ዑደቱ 31 ቀን ገደማ። በዚያ አስልቶ 900,000 የብርሃን ዓመት ያህል አገኘ። አንድሮሜዳ ከኛ ጋላክሲ ውጪ መሆኗ በዚያ ተረጋገጠ፣ ውስጥ ናት ውጪ የሚለው ክርክርም አበቃ። ቁጥሩ ግን ዛሬ 2.5 ሚሊዮን ነው። ሃብል ዑደቱን አልሳተም፣ ድምቀቱንም ቢሆን ያን ያህል አልሳተም። ስህተቱ የመጣው ከተዋሰው ሚዛን ነው። ዋልተር ባዴ በ1952 ሴፊይድ ሁለት ዓይነት እንደሆነና ሚዛኑ ውስጥ ሁለቱ እንደተደባለቁ ሲያሳይ የጋላክሲዎች ርቀት በአንድ ቀን እጥፍ ያህል ሆነ። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስለ ካሜራዬ የነበረኝ ጭንቀት ቀነሰ፣ ስለሌላው ግን ጨመረ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

3.5። እስካሁን ካየሁት ሁሉ የደመቀችበት። ደመራ ዕለት ያገኘኋት ወደ መውረዱ ገብታ ነው፤ ዑደቷ ከሰባት ቀን በአራት ሰዓት ገደማ ስለሚበልጥ የድምቀቷ ጫፍ በየሳምንቱ እየዘገየ መጥቶ ዛሬ ከኔ ማታ ጋር ገጠመ።

ጥቅምት 13

ሁሉንም ቁጥር አጣጠፍኩት። ማለትም አንድ የዑደት ርዝመት ገምቼ ከመስከረም እስከ ዛሬ ያለውን ሁሉ አንድ ዑደት ላይ እደራርባለሁ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ነጥቦቹ አንድ መስመር ይሠራሉ፣ ካልሆነ ይበታተናሉ። በ7.0 ተበታተኑ። በ7.1 ተሻለ። በ7.2 ተሰለፉ። 7.15ም 7.2ም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ በላይ የኔ ነጥቦች አይለዩም። የታተመው 7.1766 ቀን ነው።

ቁልቁለቱ መሐል ላይ አንድ ነገር አለ። ኮከቧ እየወረደች ሳለ ትንሽ ትቆማለች፣ ከዚያ መውረዷን ትቀጥላለች። ነጥቦቹን ለየብቻ ሳይ የካሜራው መዛባት ነበር የመሰለኝ፣ ሲታጠፍ ግን የተለያዩ ሳምንታት ነጥቦች እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚቆሙት። የታወቀ ነገር ነው፦ ዑደታቸው ሰባት ቀን አካባቢ የሆኑ ሴፊይዶች ቁልቁለታቸው ላይ ጉብታ አላቸው። ዑደቱ እየረዘመ ሲሄድ ጉብታው ወደ ጫፉ ይጠጋል፣ አስር ቀን አካባቢ ሲደርስ ከጫፉ ጋር ይጋጠማል። ይህን ቅደም ተከተል ያስተዋለው ዴንማርካዊው ኢይናር ሄርትስፕሩንግ ነው። በሠርግ ካሜራ ጉብታውን ማየቴ እውነቴን ነው አስደሰተኝ፣ ለወንድሜ ደውዬ ሁሉ ነገርኩት። "እና አሁን ካሜራዬን ትመልሳለህ?" አለ።

ጥቅምት 16

ስሌቱ። በ2007 የታተመ አንድ ሥራ አለ፤ የሃብል ቴሌስኮፕ የ10 ቅርብ ሴፊይዶችን ፓራላክስ ለክቶ ሚዛኑን ያስተካከለበት። ኢታ ከአሥሩ ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ እሷን መልሼ በራሷ እየለካኋት አይደለም። ቀመሩ ለቪ ማጣሪያ እንዲህ ነው፦ እውነተኛ ድምቀት = −4.05 − 2.43 × (የዑደቱ ሎጋሪዝም − 1)።

በ7.18 ቀን የኢታ እውነተኛ ድምቀት −3.70 ይሆናል። ፀሐይ በዚሁ ሚዛን 4.83 ስለሆነች ኢታ ከፀሐይ 2,500 እጥፍ ያህል ትደምቃለች። የኔ አማካይ ልኬት 3.9 ነው። ልዩነቱ 7.6፤ ይህ ልዩነት በሰፋ ቁጥር ኮከቡ ሩቅ ነው። ከዚህ ርቀቱ 331 ፓርሴክ (አንዱ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው)፣ በብርሃን ዓመት 1,080።

ያምራል። ግን የታተመው ከዚህ ያንሳል፣ 900 አካባቢ ነው። 20 በመቶ ከየት መጣ?

የኔን ስህተት አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አማካይ ድምቀቱን በ0.05 ብስት ርቀቱ የሚዛባው 2 በመቶ ገደማ ነው። ዑደቱን 7.15 ብዬ ባስገባው ለውጡ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ያን ሁሉ ቀን የተጨነቅሁበት ነገር ማለት ነው። ቀመሩ ራሱ ለአንድ ነጠላ ኮከብ እስከ 10 በመቶ ሊያወላውል ይችላል። ግን ሁሌ ወደ አንድ ወገን፣ ሁሌ ወደ ሩቅ የሚገፋ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ አቧራ።

ጥቅምት 19

ንስር ያለው ፍኖተ ሐሊብ አጠገብ ነው። በኢታና በኛ መካከል ቀጭን አቧራ አለ፣ ብርሃኗን ይቀንሳል፣ እኔም የቀነሰውን በርቀት እተረጉመዋለሁ። የደመራው ጭስ ምንም አላደረገኝም፣ ምክንያቱም ቤታም ከጭሱ ጀርባ ነበረች። ለዚህኛው አቧራ ግን ቤታ አትረዳኝም፣ 45 የብርሃን ዓመት ላይ ስለሆነች አብዛኛው ያለው ከእሷ ወዲያ ነው።

አቧራ ሰማያዊውን አብልጦ ስለሚያስቀር ኮከብ ያቀላል። ከፎቶዎቹ ሰማያዊውን ቻናል አውጥቼ ለካሁ። የሚያስገርም ነገር አገኘሁ፣ ግን የፈለግሁትን አይደለም፦ በአረንጓዴው የኢታ መለዋወጥ 0.8 ማግኒቲዩድ ሲሆን በሰማያዊው ከ1.1 ይበልጣል። ይሄ አቧራ አይደለም፣ ራሷ ናት። ስትደበዝዝ ቀዝቅዛ ስለሆነ ይበልጥ ትቀላለች። ማለትም ቀይነቷ ከሁለት ቦታ ይመጣል፣ በኔ ሁለት ቻናል ደግሞ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ባለሙያዎቹ በብዙ ማጣሪያና በስፔክትረም ነው የሚለዩት፣ ወይም ደግሞ አቧራው ብዙም በማይከለክለው ኢንፍራሬድ ሄደው ይገላገላሉ። ስለዚህ የታተመውን ወሰድኩ፤ ለኢታ የአቧራው ቀይነት 0.13 ገደማ ነው፣ ወደ ድምቀት ሲቀየር 0.4። 7.6 ሲቀነስ 0.4፣ 7.2። ርቀት 275 ፓርሴክ፣ 900 የብርሃን ዓመት። ዛሬ ማታ ካሜራው የያዘው ብርሃን ሲነሳ ፋሲል ጎንደርን ሊቆረቁር ገና 500 ዓመት ይቀረው ነበር። ከቤታ 20 እጥፍ ትርቃለች፣ በዐይን ግን እኩል። እትዬ ነገ ሲጠይቁኝ መልስ አለኝ።

ቁጥሩ ገጠመልኝ፣ ግን አንድ ነገር ግልጽ ልሁን፦ ውጤቱን ከ1,080 ወደ 900 ያወረደው የኔ ካሜራ አይደለም፣ ከሰው የተዋስኩት 0.13 ነው። እኔ የለካሁት ዑደቱንና ድምቀቱን ነው፣ እነሱ ደግሞ ቀላሎቹ ናቸው።

ቀጣይ፦ ዜታ ጀሚኖረም የምትባል ሌላ ሴፊይድ። ዑደቷ 10.15 ቀን፣ ጉብታዋ ከጫፉ ጋር ተጋጥሞ መስመሯ የተመጣጠነ መሆን አለበት፣ ያንን ከኢታ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ችግሩ በምሽት የምትመቸው ከታኅሣሥ በኋላ ነው፣ ያኔ ካሜራው ሠርግ ላይ ነው። የ10 ቀን ዑደት ደግሞ ከአንድ ቦታ ደመናው እየቆራረጠው አይሞላም። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ሮው የሚያነሳ ካሜራ ያለው ካለ፣ ማወዳደሪያ ኮከቦቹንና አሠራሩን እልካለሁ፤ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል፣ ኮፍያው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው።